ንፋስ ሲበረታ የዝናብ ልኬቴ ከማስጠንቀቂያው ያንሳል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ ማኒላ ነው ያለሁት። የፊሊፒንስ ሜትዎሮሎጂ ድርጅት ፓጋሳ ከባድ ዝናብን በቀለም ይለያል፦ በሰዓት ከ7.5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢጫ፣ እስከ 30 ብርቱካናማ፣ ከዚያ በላይ ቀይ።

የምለካው የአፉ ዲያሜትር 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ባልዲ ነው። አፉ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 31 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይሰጣል፤ ቀይ የሚባለው እንግዲህ በሰዓት ከ940 ሚሊ ሊትር ሲበልጥ ነው። ንፋስ ከሌለ ልኬቱ ይገጥማል። ሁለተኛው የንፋስ ምልክት (በሰዓት ከ62 እስከ 88 ኪሎ ሜትር) ሲወጣ ግን ቀይ እየተባለ ባልዲው ውስጥ 600 ገደማ ብቻ ይገኛል። ንፋሱ ጠብታውን በአፉ ላይ አሻግሮ እንደሚወስደው ግልጽ ነው።

መለኪያው ከግድግዳ ቢያንስ የግድግዳውን ቁመት ሁለት እጥፍ መራቅ ነበረበት፤ ግቢው ግን ጠባብ ነው፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ ንፋሱ ይብሳል። ከቤት ለመውጣት የምንከተለው ማስጠንቀቂያውን ነው፤ የሚያስፈራኝ ወንዝ ዳር ያሉ ጎረቤቶች የባልዲውን ቁጥር አምነው እንዳይዘገዩ ነው።

ባልዲውን በቆርቆሮ ልከልለው? ከሆነ በምን ያህል ርቀትና ቁመት? ወይስ በንፋሱ ፍጥነት ልክ የማባዛበት ቁጥር አለ? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።