ነፋሱን እንጠቀምበት ወይስ መጀመሪያ ሽቦው ይድረሰን?

የደብረ ብርሃኑ፦ ትናንት ጣርማ በር ላይ ከሚኒባስ ልወርድ ስል ነፋሱ በሩን ከእጄ ነጥቆ በረገደው። ይሄ ሁሉ ጉልበት በከንቱ ያልፋል። አዳማ ላይ 204 ሜጋ ዋት፣ አሸጎዳ ላይ 120 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ተርባይኖች ተተክለዋል። እኛ ጋስ? መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ሰሜን ሸዋ ላይም ይትከል ባይ ነኝ። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን አምጡ።

የሸዋ ሮቢቱ፦ ወንድሜ፣ ሕዳሴ እኮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት! አዳማና አሸጎዳ ተደምረው የሱን አንድ አሥረኛ አይሞሉም። ተርባይን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ያ ገንዘብ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ይዋል።

የደብረ ብርሃኑ፦ ግንቦት 2011ን ረሳኸው? የጊቤ 3 ውሃ ጎደለና አገሩ በሙሉ መብራት በፈረቃ ሆነ። ያኔ ዳቦ ቤት ነበርኩ፣ ሊጡ ተቦክቶ መብራቱን ስንጠብቅ ኮመጠጠ። አንድ ዓይነት ምንጭ ላይ መንጠልጠል ትርፉ ይሄ ነው። ክረምት ወንዙ ይሞላል፣ በጋ ሲጎድል ደግሞ ደጋው ላይ ነፋሱ ይበረታል። በጋውን ነፋሱ ከሠራ ግድቡ ውሃውን ይቆጥባል፣ ይሄ እኮ ከሕዳሴ ጋር መፎካከር ሳይሆን ሕዳሴን ማገዝ ነው።

የመንዟ መምህርት፦ ሁለታችሁም ስለ ማመንጨት ነው የምታወሩት። የእኛ ሰው የጎደለው ሌላ ነው። የከፍተኛ መስመሩ ሽቦ ከእናቴ ቤት በላይ ያልፋል፣ ቤቷ ውስጥ ግን መብራት የለም። ዛሬም ኩበት ትጠፈጥፋለች። እጇ በውርጭ ተሰነጣጥቋል። ያ ኩበት ማሳ ላይ ቢበተን ገብሱ ባማረ፣ ግን በምን ትጋግር? ምጣድ ገዝቼላት ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ነው። ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ይግዙበት።

የሸዋ ሮቢቱ፦ እህቴ እውነቷን ነው። ለገጠሩ ሶላር ይታደል፣ ሽቦ ምን ያደርጋል?

የመንዟ መምህርት፦ ሶላሩማ አለን። አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ለዚያ አሪፍ ነው። ምጣድ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ጣሪያ ላይ ያለችው አንዲት ፓነል አትችለውም። በሶላር ብቻ እለፉ ማለት ጭሱ ውስጥ ቆዩ ማለት ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ልጆች፣ እኔ ነፋሱን እደግፋለሁ፣ ግን «እዚህ ይነፍሳል» ብሎ ገንዘብ አይፈስም። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ኮረብታዎች አንዱ አዋጭ፣ ሌላው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ደግሞ 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ያው ነፋስ ቆላ ቢሆን የበለጠ ይገፋ ነበር። ማማ ተተክሎ ቢያንስ ዓመት ሙሉ ይለካ።

የመንዟ መምህርት፦ ጋሼ፣ ልኬቱ ጓሳን አይንካብን። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ ነው። የቤታችን ክዳን ሳር የሚታጨደውም ከዚያ ነው። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው፣ ለማንም ተብሎ መንገድ አይቀደድበትም።

የደብረ ብርሃኑ፦ ጓሳ ላይ እኔም አልስማማም። የተራቆተ ኮረብታ ሞልቶናል፣ እዚያ ይለካ። ስለ መስመሩ ያልሽውም ገብቶኛል፣ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ስጽፍ አላሰብኩበትም። የእኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል አንድ ወር ሙሉ በኩራዝ ስንቆይ ምን ያህል እንደተማረርኩ አስታውሳለሁ፣ የእናትሽ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። እንግዲያው ሐሳቤን ላስተካክል፦ ተርባይኑ ይተከል፣ በጀቱ ሲያዝ ግን የዙሪያው ቀበሌዎች መስመርና ቆጣሪ አብሮ ይያዝ።

የሸዋ ሮቢቱ፦ እንደሱ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። ግን በወሬ አይሆንም፣ ውሉ ላይ ይጻፍ።

የመንዟ መምህርት፦ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ቆጣሪው ደግሞ ተርባይኑ መዞር ሳይጀምር ይግባ። «በኋላ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል።