ፍሎት ብዬው እያለ ነጥቡ የት ገባ?

አቦ፣ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምታውቁ እርዱኝ። ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ አትክልት ለምትሸጥ አክስቴ የአንድ ኪሎ አማካይ ዋጋ የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ጠቅላላ ብሩንና ኪሎውን ኢንት (ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ)፣ አማካዩን ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ) ብያቸዋለሁ። 250ን ለ4 ሲያካፍል 62.5 ማውጣት ሲገባው 62.000000 ይላል! ውጤቱን በሚያሳየው ፕሪንትኤፍ ውስጥ ለነጥብ ቁጥር የሚጻፈው ፐርሰንት ኤፍ አለ፤ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ምንም አላለም (ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር)። ጥርጣሬዬ፣ ማካፈሉ በሁለቱ ኢንቶች መካከል ቀድሞ ያልቅና ፍሎቱ ጋ የሚደርሰው የተቆረጠው ቁጥር ነው።

እንዲያ ከሆነ አንዱን ብቻ ወደ ፍሎት መቀየር ይበቃል ወይስ ሁለቱንም? ግማሽ ኪሎ የሚገዛም ስላለ ኪሎውን ከመነሻው ደብል (እንደ ፍሎት ሆኖ ይበልጥ ትክክለኛ የሆነው) ላድርገው? ለገንዘብ ደግሞ ሁሉንም ወደ ሳንቲም ለውጦ በኢንት መያዝ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እናንተ የቱን ትመርጣላችሁ?