በክንድ ላይ ለሚወጣ ሻካራ ሽፍታ የትኛው ሕክምና ይሻላል?

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ በሁለቱም ክንዶቿ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ ላባው የተነጨ የዶሮ ቆዳ የመሰለ ሻካራ ሽፍታ አላት። አያሳክካትም፤ ሆኖም እጅጌ ጉርድ መልበስ ከተወች ሰነበተች። በመታሻ ድንጋይ ስትፈትገው ጠቆረ እንጂ አልለቀቀም። ምን ላድርግላት?

መልስ 1፦ እንደገለጹት ከሆነ ኬራቶሲስ ፒላሪስ የሚባለው ይመስለኛል፤ ይህም ኬራቲን የተባለው የቆዳ ፕሮቲን የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎችን ሲደፍን የሚፈጠር፣ ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍና ለጤና የማያሰጋ ችግር ነው። መፈተጉን ግን እባክዎ ዛሬውኑ ያስቁሟት፤ የሚያጠቁረው እርሱ ነውና። ለብ ባለ ውኃ ከታጠበች በኋላ፣ ቆዳዋ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዩሪያ ወይም 12 በመቶ ላክቲክ አሲድ ያለው ቅባት ትቀባ። ዩሪያ ስል ፋርማሲ የሚሸጠውን የቆዳ ቅባት ማለቴ ነው፤ የእርሻ ማዳበሪያው ፈጽሞ ቆዳ መንካት የለበትም።

መልስ 2፦ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ። የዩሪያ ክሬሙን በየማታው ስቀባ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ክንዴን በመዳፌ ስዳስሰው ለስልሶ አገኘሁት፤ በበጋው ደረቅ አየር መቀባቱን ሳቋርጥ ግን ተመለሰ። ስለዚህ ፈውስ ሳይሆን የዘወትር እንክብካቤ መሆኑን ከወዲሁ ይንገሯት፤ ዕድሜዋ ሲጨምር በራሱ ሊቀንስም ይችላል።

መልስ 3፦ በዚህ ካልተሻላት የቆዳ ሐኪም እንደ አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን ያለ ቅባት ሊያዝላት ይችላል። እነዚህ መጀመሪያ ላይ ቆዳን ስለሚያቃጥሉ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ መጀመር ይሻላል፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችም ሊጠቀሙባቸው አይገባም።