ጥይቴ ለምን ወደ ታች ግራ ይሄዳል?

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። የዕረፍት ቀኔን የማሳልፈው የተኩስ መለማመጃ ቤት ነው።

ቀኝ እጄን ነው የምጠቀመው። በ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ከ7 ያርድ ስተኩስ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከመሐሉ ወደ ታች ግራ ይከማቻሉ። ችግሩ የማነጣጠሪያው አይደለም፤ አሠልጣኙ በዚያው ሽጉጥ መሐሉን ወንፊት አደረገው። (ቅናት ሊገድለኝ!)

በባዶው ምላጩን ስስብ አፈሙዙ ንቅንቅ አይልም። አሠልጣኙ ከእውነተኛው ጥይት ጋር የውሸት ቀላቅሎ ሲያጎርስልኝ ግን ጉድ ፈላ፤ የውሸቱ ሲደርስ፣ ምንም ሳይተኮስ አፈሙዙ ቁልቁል ይደፋል። ሽጉጡ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታኝን ምት ፈርቼ አፈሙዙን ቀድሜ ወደ ታች እየገፋሁት ነው ማለት ነው።

ይሄ ፍርሃት በምን ይለቃል? ለጊዜው ምቱ ቀለል ወዳለው 22 ካሊበር ልውረድ ወይስ በዚሁ ልግፋበት? አገር ቤት ውትድርና ያያችሁ፣ እስኪ የምላጭ አሳሳቡን ንገሩኝ።