የቱን የባትሪ ድንጋይ ልግዛ? ለሪሞት፣ ለግፊት መለኪያ፣ ለሬዲዮ

አክስቴ ደውላ «የግፊት መለኪያዬ ድንጋይ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጨርሳል፤ ትልልቁን ድንጋይ የሚጎርስ ማሽን ፈልግልኝ» አለችኝ። ብዙዎቻችን እንደሷ ነን። ወፍራሙ ድንጋይ ጉልበቱም ወፍራም ይመስለናል።

የሪሞቷ ቀጭን (ትሪፕል ኤ)፣ የግድግዳ ሰዓቷ (ደብል ኤ) እና የድሮው የእጅ ባትሪ ወፍራም (ዲ) ግን ሁሉም 1.5 ቮልት ናቸው። ቮልቱን የሚወስነው ውስጣቸው ያለው ዚንክና ማንጋኒዝ ነው። ልዩነቱ ስንቁ ላይ ነው። አልካላይን (ውዱ ዓይነት) ትሪፕል ኤ 1,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የስንቅ መለኪያ ነው) ገደማ ይይዛል፣ ደብል ኤ ከ2,000 በላይ፣ ዲ ከ12,000 በላይ። ወፍራሙ ብዙ ከረንት ሲጠየቅም ቶሎ አይደክምም። የድሮ ቴፕ ስድስት ስምንት ወፍራም ድንጋይ ይጎርስ የነበረው ለዚህ ነው።

ፊደሎቹን ያወጡት አሜሪካኖች ናቸው፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ከኤ እስከ ዲ። ኋላ ከኤ ያነሰ ሲመጣ ፊደል አለቀባቸውና ኤን ደራረቡት። አሁን ኤ እና ቢ ከሱቅ ጠፍተው የተደራረቡት ቀሩ።

አራት ማዕዘኗ 9 ቮልት ለብቻዋ ናት። ያለቀች አንዷን በፒንሳ ፈልቅቄ አይቻለሁ (እናንተ አትሞክሩት)። ስድስት ትንንሽ ድንጋዮች ተጣበው ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው 1.5። ቦታው ለስድስት ስለተካፈለ ስንቋ ትንሽ ነው። ለቴስተር ትሆናለች፣ ብዙ ለሚበላ ዕቃ አትሆንም።

ወደ ጥቆማው። ለሪሞትና ለግድግዳ ሰዓት ርካሹ ካርቦን ዚንክ ይበቃል። ሰዓት ጠብታ ነው የሚጠጣው፤ ውዱን እዚያ መስቀል ብር መስቀል ነው።

ግፊት መለኪያ ላይ ግን አትሰስቱ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን የሚነፋ ሞተር አለው። ርካሹ ድንጋይ ሞተሩ ሲጎትተው ቮልቱ ይወርድና ማሽኑ «አልቋል» ይላል። ለአክስቴ አራት አልካላይን ደብል ኤ ገዛሁላት፤ ያው የድሮው ማሽን ሦስተኛ ወሩን ይዟል።

ስትገዙ ግን አንብቡ። አንድ ባለሱቅ «አልካላይን ነው» ብሎ ሸጦልኝ ቤት ገብቼ ሳየው ካርቦን ዚንክ ሆኖ አገኘሁት። ደብል ኤው ላይ ኤልአር6 ካለ አልካላይን ነው፤ ኤሏ ከሌለች፣ አር6 ብቻ ከሆነ፣ ካርቦን ዚንክ ነው። በእጅ ስትመዝኑትም አልካላይኑ ይከብዳል።

የልጆች መጫወቻ ላላችሁ ቻርጅ የሚደረገውን ያዙ። 1.2 ቮልት ቢሆንም አብዛኛው መጫወቻ አይከፋውም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ኢነሉፕ የሚባለውን ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ከነቻርጀሩ አስመጡ፤ ተቀምጦ ቶሎ አይወርድም።

ሬዲዮ ላይ የተቃጠልኩት እኔው ነኝ። የአባቴን ሬዲዮ ከነአልካላይኑ መሳቢያ ውስጥ ረስቼው ክረምቱ አለፈ። ስከፍተው ነጭ ዱቄት ስፕሪንጉን በልቶታል። ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ ጠረግኩት፤ አንዱ ስፕሪንግ ግን እጄ ላይ ተሰበረ። አባቴ «ድሮ ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን እንጠቀምበት ነበር» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ሙቀት የደከመ ድንጋይን ለጥቂት ጊዜ ይቀሰቅሳል። የፈሰሰውን ግን አይመልስም።

የሱ ሬዲዮ ወፍራሙን ነው የሚወስደው። ለጊዜው ደብል ኤ በፕላስቲክ ቀፎ አልብሼ አስገብቼለታለሁ። ይሠራል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ወፍራሙን አልካላይን የት እንደማገኝ የምታውቁ ጠቁሙኝ።