የሊሚት ማረጋገጫ ላይ ተቸግሬአለሁ
በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ እያስተማርኩ በክረምት መርሐ ግብር ለዲግሪ የምማር ስሆን፣ ሪል አናሊሲስ የሚባለው (የካልኩለስን ሐሳቦች በጥብቅ ማረጋገጫ የሚያጠናው) ኮርስ አላላውስ ብሎኛል። ካልኩለሱን ያለ ችግር አልፌዋለሁ። ነገር ግን 3ኤክስ ሲደመር 1 ለመሰለ ፈንክሽን ዴልታን (ኤክስ ከሚጠጋው ቁጥር የሚርቅበትን ገደብ) ኤፕሲሎን (ፈንክሽኑ ከሊሚቱ እንዲርቅ የሚፈቀደው ገደብ) ሲካፈል ለ3 አድርጌ ሊሚቱን፣ ማለትም ፈንክሽኑ የሚጠጋውን ዋጋ፣ ማረጋገጥ ብችልም፣ ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ ኤክስ ስኩዌር ወደ 4 እንደሚጠጋ ለማረጋገጥ «ዴልታ ከ1 እና ከኤፕሲሎን ሲካፈል ለ5 ትንሹ ይሁን» የሚለው እርምጃ ከየት እንደመጣ አይገለጥልኝም። ያማከርኩት አስጠኚ ያንኑ መፍትሔ መልሶ ጻፈልኝ፤ በቃሌ ብይዘውም ፈንክሽኑ ሲቀየር እቆማለሁ። ባልደረቦቼ «ለዚህ የተፈጠረ ሰው አለ» ይሉኛል፤ ክፍልፋይ አይገባቸውም የተባሉ ተማሪዎች ከሥር ሲጀመርላቸው ሲገባቸው ስላየሁ ይህን ለመቀበል እቸገራለሁ። ይህን ኮርስ በብርቱ ትግል ያለፋችሁ ሰዎች፣ ወደ ማረጋገጫው ከመመለሴ በፊት ማጠናከር ያለብኝ የአብሶሉት ቫልዩ ኢንኢኳሊቲን (በፍጹም ዋጋ የሚጻፉ የ«ያንሳል» እና የ«ይበልጣል» ዓረፍተ ነገሮችን) ነው ወይስ «ለማንኛውም ኤፕሲሎን ዴልታ አለ» የሚለውን የሎጂክ አነጋገር?