የ1936 ቤት መስኮት ፍቀን ሳሎኑ በብናኝ ተሞላ፤ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ይኖረው ይሆን?

የሶልያና እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፤ በቅርቡ የገዛነው ቤት የተሠራው በ1936 ነው (እንደ ፈረንጅ)። ባለቤቴ ለቀለም ቀቢ አልከፍልም ብሎ ቅዳሜ የሳሎኑን ሁለት መስኮቶች በብርጭቆ ወረቀት ማሽን መፋቅ ጀመረ። ከነጩ ስር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ስር ቅቤ የመሰለ ቀለም ወጣ። ሶፋው ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። ልጄ 11 ወሯ ነው፣ ትድሃለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው። ጎረቤታችን “ሊድ አስመርምራችኋል?” ሲለን ክው አልኩ። ባለቤቴ ግን “እኛ ያደግነው በዘይት ቀለም በተቀባ ቤት ነው፣ ምን ሆንን?” ይላል። ምን ላድርግ?

ብሩሽ በእጁ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት ንቀዪው። ሜሪላንድ ውስጥ 16 ዓመት ቀለም ቀብቻለሁ። እዚህ አገር ለቤት ሊድ ያለው ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው፤ የ1936 ቤት ከሆነ አለበት ብለሽ ተነሺ፣ የለበትም የሚለውን ላብራቶሪ ይንገርሽ። ግድግዳ ላይ ሳይላጥ የተቀመጠ ቀለም ያን ያህል አያስቸግርም፤ ጣጣው ዱቄት ሲሆን ነው። መስኮት ደግሞ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየተፋተገ ያለ ማሽንም ብናኝ ያወጣል።

ልጅቷን ይዘሽ ዘመድ ቤት ሂጂ። አየር የሚነፋው ማሞቂያ ይጥፋ። በመጥረጊያ እንዳትጠርጉ፤ ተራ ቫኪዩምም ደቃቁን በኋላው መልሶ ይተፋዋል። ሄፓ የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ተከራዩ፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እየቀየራችሁ ወልውሉ። እጣቢውን ግቢ አትድፉት። የባልሽን የሥራ ልብስ ለብቻው እጠቢው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ በሥራ ሸሚዜ ልጄን አቅፌ ነበር ቤት የምገባው፤ ዛሬም ሲታወሰኝ ያመኛል።

የቀረውን ራሱ ልሥራ ካለ፣ ከመስኮቱ ስር ወለሉን 6 ጫማ ያህል በወፍራም ላስቲክ ይሸፍን፣ ውሃ እየረጨ በእጁ ይፋቅ። በእሳት ማቃጠል ፈጽሞ አይሞከርም። የወረቀት ማስክም አያድነውም። ሰው ከቀጠራችሁ ደግሞ የኢፒኤ (የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ሰርተፊኬቱን አሳየኝ በይው፤ ከ2010 ጀምሮ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት እንዲህ ያለ ሥራ በክፍያ የሚሠራ ሁሉ ሊኖረው ግድ ነው። “ኧረ እኛ እኮ የአገር ልጆች ነን፣ ምን ሰርተፊኬት ያስፈልጋል” የሚል ከመጣ ቡና አጠጪና ሸኚው።

የሌሊት ተረኛ፦
የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ልጆች በ12 እና በ24 ወራቸው የሊድ የደም ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ አንቺ ግን ቀኑን አትጠብቂ፣ ነገ ደውለሽ የሆነውን ንገሪያቸው። ደሙ ከጣት ሲወሰድ እጇ በደንብ ይታጠብ፣ ቆዳዋ ላይ የቀረ ብናኝ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ካለ ከደም ሥር ይደገማል። ሲዲሲ (የአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ከ2021 ወዲህ ክትትል የሚጀምረው በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ3.5 ማይክሮግራም ሊድ ነው። ደህና ትመስላለች ብለሽ አትዘናጊ፤ አብዛኞቹ ልጆች ምንም ምልክት አያሳዩም። ባለቤትሽ “ምን ሆንን?” ላለው ደግሞ፣ የእኛን ደም ያኔ ማን ለክቶት ያውቃል?

የሶልያና እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ቤት ነን። የሶልዬ ውጤት 2.1 ነው፣ ቆይቶ ይደገማል ተብለናል። የቀለሙ ቅርፊት ግን 1.8 በመቶ ሊድ አለው፤ ሕጉ የሊድ ቀለም የሚለው ከ0.5 በመቶ ጀምሮ ነው አሉን። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ ማሽኑን ይዞ ወጣ፣ የት እንዳደረሰው አልጠየቅኩም። የቀረኝ ሶፋው ነው። ጨርቅ ነው፣ ይጸዳል?

ብሩሽ በእጁ፦
በሄፓ ቫኪዩም እያንዳንዱን ስፌት ቀስ እያልሽ ብትሄጂበት ብዙው ይወጣል፣ ሽፋኑም ይታጠባል። እኔ ብሆን ግን ልጅ እየዳኸች አልመልሰውም።